ያለ ምክንያት የሚነሳው ቀኝ እጅ

ንባብ፣ የመንገድ ምሰሶ ካሜራዎች ስለ ዊልቸር ገፊዎች አካሄድ የሚያወጡት ውጤት፣ የሚመጣው ወር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ነው። ጦይባ ይመር ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አስራ፣ ዊልቸሯ ላይ ተደላድላ ልትወጣ ስትል በሩ እንደ ወትሮው ጉሮሮውን ጠረገ። የበሩ ድምፅ የሴት ነው። የሰፈሩ ሰው «እመት በር» ይላታል።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ጦይባ። የጥቅምት 2071 ንባብዎ ደርሷል። አማካይ ግፊት፣ ጥሩ። የወገብ አቀማመጥ፣ ጥሩ። ግራ ትከሻ፣ ጥሩ።» እመት በር እንደገና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቀኝ እጅ ከቤት እስከ ሥራ ቦታ በቀን አርባ አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት ከጎማው ይነሳል። የቀኝ ትከሻ ጉዳት ተጠርጥሯል። እስከ ዓርብ ንባብ ቢሮ ይቅረቡ።»

«አርባ አንድ?» አለች ጦይባ። «የማን እጅ?»

እመት በር ጥያቄ አትመልስም። በሩን ብቻ ከፈተችላት።

የትከሻ ጉዳት ምን እንደሚያመጣ ደሴ ውስጥ ዊልቸር የሚገፋ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳቱ የጸናበት ሰው የእጅ ዊልቸሩን ያስረክብና ባለሞተር ወንበር ይሰጠዋል። ወንበሩን ማንም አያማውም፤ ይሞቃል፣ ያሻል፣ ሙዚቃ ይከፍታል። ብቻ ከተፈቀደ መንገድ ንቅንቅ አይልም። የጦይባ ቆርቆሮ ሰፈር ደግሞ ዳገቱና ኮብልስቶኑ እንጂ የተፈቀደ መንገድ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ወንበር የተሰጠው ሰው ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ወደተሠራው ምቹ መንደር ይዛወራል። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ሰው ከሰፈሩ ሄዷል። አንዳቸውም ለጥየቃ እንኳ አልተመለሱም፤ ወንበሩ ዳገት አይወጣማ!

ጦይባ እዚያው ዳገት ላይ ተወልዳ ሃምሳ ስድስት ዓመት ኖራለች። እግሮቿ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ አልታዘዟትም፤ ክንዶቿ ግን አንድ ቀን አሳፍረዋት አያውቁም። ከዳገቱ ሥር ባለች አንድ ክፍል ሱቅ ዣንጥላ ትጠግናለች። የደሴ ክረምት እየረዘመ ሄዶ ጥቅምትንም ጠቅልሎ ስለወሰደው ሥራ አጥታ አታውቅም። ከዚህ ሰፈር መሄድ ማለት ለእሷ ከነነፍሷ መነቀል ነው።

እንግዲህ ሰው መቼም ጉደኛ ነው፤ ከፍርሃቱ በፊት መገረሙ ቀደማት። ትከሻዋን ጫን ጫን አድርጋ አየችው። አላመማትም። «አርባ አንድ ጊዜ ተነስቶ የት ይሄዳል?» እያለች ቀኝ እጇን እንደ ሌባ እየጠበቀች ዳገቱን ወረደች። እጇ ንቅንቅ አላለም። እሷ ግን ዐይኗን ከእጇ ስላልነቀለች ያን ቀን ማንን እንዳለፈች አላየችም። ድንች ጠባሿ ስንዱ ከኋላዋ «አንቺ! ምነው፣ ተኳረፍን እንዴ?» ስትል እንኳ አልሰማቻትም።

ንባብ ቢሮ ውስጥ የጠበቃት ያፌት የሚባል የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ አምስት ወሩ ነው። የሚኖረው ከቢሮው ጀርባ ሲሆን ምግቡ በመስኮት ይመጣለታል። የደሴን አንድ ዳገት እንኳ አልወጣም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዊልቸር ገፊዎችን በትከሻቸው ይለያል፤ በመልክ አንዳቸውንም አያውቅም።

«እትዬ ጦይባ ነዎት አይደል?» አላት ገና በሩን ስታልፍ። «በክርንዎ አወቅሁዎት።»

«ክርኔ እንዲህ ዝነኛ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለችው። ቀጥላም ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ጠረጴዛውን ሁሉ ቃኘች። «ልጅ ሳለሁ ለምዘና ሲወስዱኝ ትከሻዬ ላይ ነጫጭ ኳስ ይለጥፉብኝ ነበር። ሲነቅሉት ቆዳዬን ይዞ ነበር የሚነሳው። አሁን የታለ?»

«አሁን ምንም አይለጠፍም። ካሜራው ልብስ ደርበውም መገጣጠሚያዎን ያገኘዋል።»

«በጋቢም?»

«በጋቢም።»

«አጀብ ነው! በል እስቲ አሳየኝ።»

ያፌት ግድግዳውን አበራው። በባዶው የቆርቆሮ ሰፈር መንገድ ላይ ከብርሃን መስመር የተሠራች አንዲት ሴት ቁልቁል ትወርዳለች። ፊት የላትም፤ አከርካሪ፣ ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ ብቻ ናት። እጆቿ ጎማውን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ፍጥነቱን ይገታሉ። ጦይባ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«ነዎት።»

«ወይ ሲያምርብኝ!» አለች፣ ከልቧ ነበር። በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ራሷን ስትሄድ አይታ አታውቅም። ሰው ሁሉ የሚያዝንላት ይህን እያየ ከሆነ ምን እንደሚያሳዝነው አልገባትም።

ወዲያው የብርሃኗ ሴት ቀኝ እጇን ከጎማው አነሳች፤ ደረቷ ላይ አደረገች፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ቀና አለች፤ እጇን መለሰች። ዊልቸሩ ወደ ግራ ሳት ብሎ ተስተካከለ። ያፌት አቆመው።

«ይኸውልዎ፣ አንድ ሰከንድ ከሩብ። ትከሻው የሚወጋው ሰው እጁን ወደ ደረቱ ይሰበስባል።»

«አልወጋኝም አልኩህ እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«እንግዲያውስ ምንድን ነው?»

ጦይባም ምን እንደሆነ አላወቀችም። ሁለተኛውን አዩ፤ ሦስተኛውን አዩ። እጁ ይነሳል፣ ይመለሳል። አንዳንዴ ወደ ደረት፣ አንዳንዴ ወደ ላይ። ሁለቱም ተጠግተው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የማያውቁትን ፍጡር እንደሚያጠና ሰው ሆኑ።

«ቆይ» አለች ጦይባ። «ይሄ የት ጋ ነው?»

«ምሰሶ ዘጠኝ።»

«ምሰሶ ዘጠኝ የስንዱ ድንች መጥበሻ ነው። ያኛውስ?»

«ምሰሶ አሥራ አንድ።»

«ፀጉር ቤቱ!» ጦይባ በሁለት እጇ ጭኗን መታች። «ወይኔ ጉዴ! ሰላም እያልኩ ነው እኮ!»

«ለማን?»

«ለሰው ነዋ!»

ያፌት ባዶውን መንገድ አየ። «ሰው የለም።»

«አንተ ነሃ ያጠፋሃቸው!»

እውነቷን ነበር። ንባብ ያልተፈቀደበት ሰው ከምስሉ እንዲጠፋ ሕጉ ያዝዛል፤ ክብሩን ለመጠበቅ ነው። ያፌት አምስት ወር ሙሉ የደሴን መንገዶች ከአንድ ሰው በላይ ኖሯቸው አይቶ አያውቅም። አሁን ጦይባ በየምሰሶው ሰው ትሞላለት ጀመር። ይሄ ፀጉር አስተካካዩ፣ ይቺ ሐሙስ የወለደችው፣ ይሄ አንድ ዓመት ተኳርፈን የታረቅነው። ምሰሶ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ «ይሄ ደግሞ ሼህ እንድሪስ፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ» ብላ ጀመረችና ምስሉን ትኩር ብላ አየችው።

«ምነው?»

«ሼህ እንድሪስ ዐይነ ስውር ናቸው።»

«ታዲያ እጅዎ ለምን ተነሳ?»

ጦይባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማያይ ሰው እጅ ስትነሳ ኖራ አንድ ቀን ልብ አላለችውም። «እኔ እንጃ» አለች በመጨረሻ። «ወላሂ እኔ እንጃ።»

ያፌት መዝገቡ ላይ የሚሞላ ሰላምታ የሚባል ሳጥን ፈለገ። ያሉት አራት ናቸው፦ ሕመም፣ ድካም፣ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ምክንያት። ማሽኑ ለዐይኑ ያልታየውን ሰው እንዲያምን የሚያደርግ ሳጥን አልነበረም። ጦይባ ለልጁ አዘነችለት፤ ያፈረ ይመስል ነበር።

«አሥር ቀን ድጋሚ ንባብ አለዎት፣ ከነገ ጀምሮ» አላት። «እጅዎ በቀን ከአምስት ጊዜ በላይ ካልተነሳ ለዓመት ይዘጋል። ከተነሳ ግን በወሩ መጨረሻ ኮምቦልቻ ነው። እባክዎ እትዬ ጦይባ፣ አሥር ቀን ብቻ ነው፤ በአፍዎ ብቻ ሰላም ይበሉ።»

በማግስቱ ሞከረችው። እጆቿን ጎማው ላይ ቸንክራ፣ አፏን ብቻ እያንቀሳቀሰች «እንዴት አደራችሁ» እያለች ወረደች። ማታ እመት በር ጉሮሮዋን ጠረገች። «እጅ፣ ሁለት ጊዜ። የላይኛው አካል ድንገተኛ ዝንባሌ፣ ሠላሳ ስድስት ጊዜ። የጀርባ ጉዳት ተጠርጥሯል።»

እጇን ብታስር አንገቷ ሸፈተባት ማለት ነው። አጎንብሶ ያደገ ሰው ቀጥ ብሎ ሰላም ማለት ከየት ያመጣል?

ስንዱ ታሪኩን ስትሰማ ጭልፋዋን ወረወረች። «ሰላምታ የእግዜር ነው! እንዴት ተደርጎ ነው በበሽታ የሚቆጠረው?» ብላ ሰማይና ምድሩን ረገመች። ስትረጋጋ ግን ወገቧን ይዛ ጥቂት አሰበች። «እኛን ካየሽ እጅሽ አያርፍም። ስለዚህ አናይሽም፣ አታይንም። ተይው ለእኔ።»

ስንዱ ያለችው መሬት አይወድቅም። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የጦይባ ጎማ ድምፅ ኮብልስቶኑ ላይ ሲሰማ ቆርቆሮ ሰፈር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሳቡ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙን የላጨውን ደንበኛ ከነወንበሩ አሽከረከረው። ሐሙስ የወለደችው ሕፃኗን ጭምር አዞረች። ማንም ሳቅ አላለም፤ ከፍቅር የመጣ ነገር ስለሆነ ሁሉም አምርሮ ያዘው። ጦይባ በጀርባዎች መሃል ወረደች፣ በጀርባዎች መሃል ወጣች።

«ዜሮ» አለች እመት በር ማታ። «በጣም ጥሩ ነው፣ ወይዘሮ ጦይባ።»

በአራተኛውም ዜሮ፣ በአምስተኛውም፣ በስድስተኛውም። ጦይባ እህል አስጠላት። ዣንጥላ ስትሰፋ መርፌው ይጠፋባታል። ሰፈሯን እንዳታጣ ብላ ሰፈሯን ማጣቷ አንገበገባት፤ በቁሟ ሞታ በገዛ ቀብሯ መሃል የምታልፍ መሰላት። ሆኖም አራት ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ ትላለች። አራት ቀን ምን አላት?

በሰባተኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሥራ ጨርሳ ዳገቱን ስትወጣ ሼህ እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ሳምንቱን ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነው የከረሙት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩ የነገራቸው የለም፤ ለማያይ ሰው ማን ያስባል? የጎማዋን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጦይባ!»

ጦይባ ከንፈሯን ነከሰች። አንድ ገፋች። ሁለት ገፋች። ሦስተኛውን ስትገፋ የሽማግሌው ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

«ስንዱ፣ ይሄ የጦይባ ጎማ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ አባባ» አለች ልትጠይቃቸው የመጣችው ስንዱ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታነሳ።

«ምን አጠፋሁባት?»

እዚህ ላይ ጦይባ አልቻለችም። ሁለቱንም እጇን ለቀቀችው። ዊልቸሩ ዳገቱን ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር፤ ስንዱ ጮኻ፣ ዘላ፣ እጀታውን ባትይዘው ኖሮ እስከ ፒያሳ በወረደች ነበር። እንደ ምንም ሼህ እንድሪስ እግር ሥር ደረሰች። «ወዐለይኩም ሰላም አባባ፣ ምንም አላጠፉም፣ እኔ ነኝ ባለጌዋ» እያለች እጃቸውን ይዛ ሳመች። አለቀሰች። ግድግዳ ላይ የነበረው ሰፈር ሁሉ ዞረ። ፀጉር አስተካካዩ መላጫውን እንደያዘ መጣ፤ አራሷም ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። ጦይባ ጎማ መግፋት ስላልቻለች እየተፈራረቁ ከኋላ ገፏት፤ እሷ ሁለት እጇን አየር ላይ እንዳደረገች ለእያንዳንዱ በር፣ ለእያንዳንዱ መስኮት፣ የአምስት ቀኑን ሰላምታ እያደረሰች ቤቷ ገባች።

ቤቷ ገብታ በሩ ሲዘጋ ግን ያደረገችው ነገር ደረሰባት። ኮምቦልቻ ማለት ነው።

ጠዋት እመት በር ዝም አለች። በእሷ ፈንታ የያፌት ፊት በሩ ላይ ወጣ። ዐይኖቹ ፈጠዋል።

«እትዬ ጦይባ፣ ትናንት ከምሰሶ አሥራ አራት እስከ ምሰሶ ሃያ ስድስት ድረስ፣ መቶ ሰማንያ ሜትር ዳገት ወጥተዋል።»

«ወጥቻለሁ።»

«ሁለቱም እጆችዎ አየር ላይ ነበሩ። ጎማውን አንድ ጊዜ እንኳ አልነኩም።»

«አልነካሁም።»

«ሰው ከገፋዎት ጥገኛ ተብለው ይመዘገባሉ። ማን ገፋዎት?»

«አንተ ማን ይታይሃል?»

ያፌት ወደ ጎን፣ ወደ ምስሉ ዞሮ አየ።  «ማንም» አለ። «እጅዎን እያወዛወዙ፣ ብቻዎን፣ ሽቅብ ይሄዳሉ። ማሽኑ አራቱንም ሳጥን ሞክሮ እምቢ አለው። የማይነበብ ብሎ መለሰልኝ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ደንቡ ላይ አንድ አሮጌ አንቀጽ አገኘሁ፤ ማሽን ያቃተውን ሰው በአካል ሄዶ ያንብበው ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ማንም አልተጠቀመበትም። ነገ እመጣለሁ።»

መጣም። በአንድ እጁ የሰዓት ቆጣሪ፣ በሌላው ወረቀት፣ አዲስ ጫማ አድርጎ ዳገቱ ሥር ቆመ። ጦይባ ገፍታ ቀደመችው፤ እሱ እያለከለከ ተከተላት። እጇ በተነሳ ቁጥር ወረቀቱ ላይ እያሰመረ፣ ሰባት መስመር እስኪሞላ ድረስ ሥራውን ሠራ። ከዚያ «እንዴት ዋልክ የኔ ጌታ» የሚሉ ሰዎች መንገዱ ላይ ይበቅሉበት ጀመር። «ሥራ ላይ ነኝ» ቢል ማን ሰምቶት! ስንዱ እጇ ዘይት ስለሆነ አንጓዋን ዘረጋችለት። ያፌት የሰው አንጓ በምስል እንጂ በእጁ ይዞ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ወረቀቱን ጥርሱ መሃል ነክሶ በሁለት እጁ ተቀበላት። ፀጉር ቤቱ ጋ ሲደርስ ቆጣሪው ኪሱ ገብቶ ነበር። ሼህ እንድሪስ ጋ ሲደርስ ሳያስበው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ጦይባን አያት። 

ቤቷ ደጃፍ ላይ «ከፈቀዱልኝ ትከሻዎን ልንካው?» አላት። አውራ ጣቱን አሳረፈ፤ ጫን አደረገ፤ ክንዷን አንስቶ አዞረው። አላመማትም።

«ደህና ነው» አለ እየተገረመ። «ይሞቃል እኮ።»

«ምን መስሎህ ነበር?»

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ትከሻ ጤነኛ፣ ባለቤቷ ባለችበት ትኑር» ብሎ ፈረመ። ጦይባ እግዜርንም አላህንም አንድ ላይ ጠርታ መረቀችው፤ ስንዱም እልልታዋን እስከ ታች አወረደችው።

ሦስት ሳምንት አልፎ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ያፌት ዣንጥላ ቤቷ በር ላይ ቆመ። ለሥራ አልመጣም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ከዚህ ወር ጀምሮ በእግር የሚሄደውንም ማንበብ ጀምረዋል» አላት። «ለእኔም መጣልኝ።» ወረቀቱን ሰጣት።

ጦይባ መርፌዋን ሻሿ ላይ ሰክታ አነበበች። ተመዛኙ ከቢሮ ደጅ እስከ ገበያ ቀኝ እጁ በቀን ሃያ ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት ይነሳል። የላይኛው አካል ድንገተኛ ዝንባሌ ይታይበታል። የነርቭ ጉዳት ተጠርጥሯል። እስኪጣራ ከሥራ ይታገድ። ሳቋ ገንፍሎ ሊያመልጣት ነበር፤ ልጁን ስታየው ዋጠችው። 

«አሥር ቀን ተሰጥቶኛል» አለ። «ምን ላድርግ፣ እትዬ ጦይባ?»

«አንተን የሚያነብህ ማን ነው?»

«አዲስ አበባ ያለች ብሌን የምትባል ልጅ። ከቢሮዋ ወጥታ አታውቅም።»

ጦይባ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ጀርባው ባዶ ነበር። እርሳሷን ከመሳቢያ አውጥታ ከወረቀቱ ጋር ሰጠችው።

«ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ስንት ሰዓት ይገባል?»

«ጠዋት አራት ሰዓት።»

«በል ጻፍላት» አለችው። «ለምሳ ትድረስ።»